ካሶኒውን ከማልበስዎ በፊት ዝገቱን ይጨርሱ

ጥያቄው፦ «6 ዓመት ያገለገለ ፒካፕ ገዛሁ። ካሶኒው ብዙ ቦታ ተቧጭሯል፤ ወደ ጋቢናው በኩል ያለው ማዕዘን ዝገት ጀምሮታል። ሥራዬ ግንባታ ነው። ብሎኬትና ብረት እጭናለሁ፣ አንዳንዴም ለጄኔሬተር ቤንዚን በጄሪካን እይዛለሁ። አንዱ ሻጭ ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ቤድላይነር (የካሶኒ ልባስ) በአንድ ሰዓት ገጥሜ እሰጥሃለሁ፣ ዝገቱንም ይሸፍነዋል አለኝ። ሌላው የሚረጨውን ካላሠራህ ገንዘብህን አታባክን ይላል። ጓደኛዬ ደግሞ በጣሳ የሚሸጠውን ልባስ ገዝተህ ራስህ በሮለር ቀባው፣ ልዩነት የለውም ባይ ነው። ማንን ልስማ? ካሶኒውስ መበሳት አለበት?»

ከሦስቱ አንዱንም ከመምረጥዎ በፊት ማዕዘኑ ላይ ያለው ዝገት መውጣት አለበት። ዝገቱ እያለ የሚደረግ ልባስ ሁሉ፣ ፕላስቲክም ይሁን የሚረጭ፣ ብክነት ነው። ሻጩ «ይሸፍነዋል» ያለዎት ልክ ነው፤ ግን የሚሸፍነው ከእርስዎ ዓይን ነው። ዝገት ብረት፣ ውሃና አየር እስካገኘ ድረስ አያቆምም። ክዳን ሲደረግበት ደግሞ ይብስበታል። ፀሐይና ነፋስ ባንድ ሰዓት የሚያደርቁት ውሃ ከፕላስቲክ ሥር ለቀናት ይተኛል።

ሌላም መጥራት ያለበት ነገር አለ። ብዙ ሰው ቤድላይነርን ካሶኒውን ከሁሉ ነገር የሚጠብቅ ጋሻ አድርጎ ያየዋል። ካሶኒ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን ሦስት ዓይነት ነው፦ መቧጨር፣ መሰርጎድና መዛግ። አንዱን የሚከላከል ልባስ ሌላውን ላይከላከል ይችላል። የሚረጨው በደንብ ከተሠራ መቧጨርንና ዝገትን ይከላከላል። ብሎኬት ከትከሻ ከፍታ ሲወድቅበት ግን ላሜራውን ከመሰርጎድ አያድነውም። ልባሱ ሳይቀደድ ከላሜራው ጋር አብሮ ይሰረጎዳል። ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ምቱን ራሱ ይውጠዋል፤ የጎን ግድግዳውን ግን አይነካውም። ተገጣጣሚው ፕላስቲክ መቧጨርን አጥብቆ ይከላከላል፣ መሰርጎድን በመጠኑ ያለዝባል፣ ዝገትን ግን አይከላከልም። ብዙ ጊዜ እንዲያውም ያግዘዋል።

እንዴት ያግዘዋል ካሉ፣ ነገሩ ያለው እንቅስቃሴው ላይ ነው። ተገጣጣሚው ላይነር የሚሠራው የውሃ በርሜልና ጄሪካን ከሚሠራበት ዓይነት ፖሊኢትሊን ነው። ይህ ፕላስቲክ ሲሞቅ ከብረት በብዙ እጥፍ ይለጠጣል። 1.5 ሜትር የሚረዝም ላይነር ከሌሊቱ ቅዝቃዜ እስከ ቀትር ፀሐይ 40 ዲግሪ ልዩነት ቢያይ ከ6 ሚሊሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። ከሥሩ ያለው ብረት በዚያው ልዩነት 1 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ላይነሩ በየቀኑ ካሶኒው ላይ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል። መኪናው ሲነዳ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። በመሃላቸው የገባው አሸዋ የብርጭቆ ወረቀት ሥራ ይሠራል። ቀለሙን ይፍቃል፣ ከቀለሙ ሥር ያለውን አንቲረስት ይፍቃል፣ ከዚያ ብረቱ ይገለጣል። ውሃው እዚያው ነው።

አንድ ጊዜ 5 ዓመት የቆየ ተገጣጣሚ ላይነር አወጣሁ። ባለቤቱ ካሶኒው እንደ አዲስ ነው ብሎ ከልቡ ያምን ነበር። ብሎኖቹን ፈትተን ከኋላ በኩል ለሁለት ብድግ ስናደርገው መጀመሪያ የተቀበለን ሽታ ነው፤ የረጋ ውሃ ሽታ። ሥሩ ጣት የሚያህል ጥቁር ጭቃ ተኝቶበታል፣ ቅጠልና አሸዋ የተቀላቀለበት። የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹ ሁሉ ተደፍነዋል። አጥበን ስናየው የላይነሩ ሸንተረሮች አንድ በአንድ ወለሉ ላይ በቡናማ መስመር ተሥለዋል። ፕላስቲኩ ያረፈበት ቦታ ሁሉ ዝጓል፤ ያላረፈበት ቀለሙ እንዳለ ነው። የፊት ማዕዘኑን በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ ሳደርገው ድምፁ ደነዘብኝ። በጫፉ ገፋ ሳደርገው ካቻቢቴው አልፎ ወጣ። ሰውዬው ምንም አልተናገረም። እጁን ቀዳዳው ውስጥ ከቶ ለረጅም ጊዜ ዳበሰው። የእርስዎም ዝገት የጀመረው እዚያው ማዕዘን ላይ ነው፤ ለዚህ ነው ነገሩን የማጠብቀው። ከእርስዎ በፊት የነበረው ባለቤት ላይነር አስገጥሞ ለሽያጭ ሲል አውጥቶት ሊሆን ይችላል። ወለሉ ላይ እኩል የተራራቁ የመፋቅ መስመሮች ካዩ ምልክቱ ያ ነው።

ፕላስቲኩ ሌላም ጣጣ አለው፤ ያንሸራትታል። ብሎኬት የጫነ ሰው ፍሬን ሲይዝ ጭነቱ ተንሸራቶ የፊት ግድግዳውን ይመታል። እርጥብ ሲሆን ደግሞ ላዩ የቆመ ሠራተኛ ይወድቃል። ጠንካራ ጎኑን አልክድም። አካፋና ዶማ እየጎተቱበት ዓመታት ይቆያል፣ ቢሰነጠቅም አውጥቶ በሌላ መተካት ነው። በየ3 ወሩ አውጥቶ የሚያጥብ ሰው ቢኖር ኖሮ ክርክሬ ግማሹ ይቀር ነበር። እኔ ግን ገጥሞት መልሶ የሚያወጣ ሰው ብዙም አላየሁም።

መበሳትን በተመለከተ፦ የሚረጨውም፣ በሮለር የሚቀባውም፣ የጎማ ምንጣፉም ምንም ቀዳዳ አይፈልጉም። የሚበሳው ተገጣጣሚው ነው፤ እርሱም ሁሉም አይደለም። አንዳንዱ ካሶኒው ላይ ባሉት የገመድ ማሰሪያ ቀለበቶች ብሎን ይያዛል። «እንበሳዋለን» የሚል ገጣሚ ካጋጠመዎት መሰርሰሪያውን ከማንሳቱ በፊት መኪናው ሥር ገብቶ ይይ። የብዙ ፒካፕ የነዳጅ ታንከር ከካሶኒው ሥር ነው፤ የነዳጅ መሙያው ቱቦ በጎኑ ያልፋል፤ የኋላ መብራት ሽቦም እዚያው ነው። እያንዳንዱ ቀዳዳ ደግሞ ቀለም የሌለው የብረት ጠርዝ ነው። ግድ ከሆነ ጠርዙ ሁለት ጊዜ አንቲረስት ይቀባ፣ ብሎኑም በጎማ ሮንዴላ ይታሰር።

አሁን ወደሚረጨው። ይኼ ሁለት ፈሳሾች ለየብቻ ሞቀው፣ በከፍተኛ ግፊት መጥተው መርጫው ጫፍ ላይ የሚገናኙበት ሥራ ነው። ሲገናኙ በሰከንዶች ውስጥ መጠጠር ይጀምራሉ። የሚወጣው ከላሜራው ጋር የተጣበቀ፣ ስፌት የሌለው፣ ሸካራ የጎማ ቆዳ ነው። ተጣብቋልና አይንቀሳቀስም፤ ስለማይንቀሳቀስ አይፍቅም፤ በመሃሉም ውሃ የሚተኛበት ክፍተት የለም። ከተገጣጣሚው የሚበልጥበት ዋናው ነገር ይህ ነው። ውፍረቱና ጥንካሬው የሚመጡት ከዚህ በኋላ ነው።

ሻጮች ስለሚረጨው ፈሳሽ ዓይነት ፖሊዩሪያ ነው፣ ፖሊዩሬቴን ነው እያሉ ይከራከራሉ። ልዩነት አለው። ፖሊዩሪያ በጣም ፈጥኖ ይጠጥራል፣ የአየር እርጥበትም ብዙ አያስቸግረውም። ፖሊዩሬቴን ቀስ ይላል፤ ሳይጠጥር እርጥበት ካገኘው ጋዝ ይፈጥርና ጥቃቅን አረፋ ይቋጥራል። ብዙዎቹ ደግሞ የሁለቱ ቅልቅል ናቸው። ሁለቱም በወጉ ከተሠሩ ለእርስዎ ሥራ ይበቃሉ። እንደ ላይን-ኤክስና ራይኖ ላይኒንግስ ያሉ ስሞች በሰፊው የታወቁ ናቸው፤ ነገር ግን መርጫውን የሚይዘው የሱቁ ሠራተኛ ነው። አንድ የምርት ስም ይዘው አንዱ ሱቅ የሚያኮራ ሥራ፣ ሌላው የሚላጥ ሥራ ሊያወጡ ይችላሉ።

ስለ ቀለሙ አንድ ነገር ልበል። አብዛኛው የሚረጭ ልባስ አሮማቲክ ከሚባለው ወገን ነው፤ ፀሐይ ሲቆይበት ጥቁሩ ይገረጣል፣ ነጣ ያለ ዱቄት ያወጣል። ጥንካሬው ቶሎ አይቀንስም፤ የሚጎዳው መልኩ ነው። መልኩ የሚያሳስብዎት ከሆነ አሊፋቲክ የሆነ፣ ማለትም ፀሐይ ቶሎ የማያገረጣው፣ የላይ ሽፋን እንዲጨምሩበት ይጠይቁ። ብሎኬት ለሚጭን መኪና እኔ አላስጨምርም።

የሚረጨው ልባስ ሲላጥ ሰው ሁሉ ዕቃውን ይወቅሳል። ከማያቸው የተላጡ ሥራዎች ግን አብዛኞቹ የዝግጅት ጉድለት ናቸው። ልባሱ የሚይዘው በጭረት ነው። የፋብሪካው ቀለም የሚያብለጨልጭ ከሆነ የሚይዘው ነገር የለም። ስለዚህ ካሶኒው መጀመሪያ ቅባት በሚያስለቅቅ ሳሙና ይታጠባል፤ ይህ ከመፈግፈጉ በፊት መሆን አለበት፣ አለዚያ ቅባቱ ጭረቱ ውስጥ ይጋገራል። ከዚያ እያንዳንዱ ጣት የሚገባበት ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል። ወለሉ ላይ ያሉት ሸንተረሮች ግርጌ፣ የጎማው ጉብታ ዙሪያ፣ ማዕዘኖቹ፤ ሰው የሚሰለቸው እነዚህ ቦታዎች ላይ ነው፣ መላጥም የሚጀምረው ከእነርሱ ነው። ሥራው የሚያልቀው ካሶኒው በሙሉ ደብዝዞ አንድም የሚያበራ ነጥብ ሲያጣ ነው። ከዚያ አቧራው ተነፍቶ በንጹሕ ጨርቅና በተገቢው ማጽጃ ይወለወላል። ጨርቁ ቶሎ ቶሎ ይቀየር። አንድ ጨርቅ ሙሉ ካሶኒ ካጸዳ ቅባቱን ከቦታ ቦታ እያዘዋወረው ነው።

ለጠርዙ ጥሩ ሱቆች ውስጡ ቀጭን ሽቦ ያለበት ፕላስተር ይለጥፋሉ። ከተረጨ በኋላ ልባሱ ሳይጠጥር ሽቦው ሲሳብ ጠርዙን እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል። ጠርዙ ቀጥ ብሎ፣ ተጣብቆ ይቀራል። ተራ የወረቀት ፕላስተር ለጥፎ ልባሱ ከደረቀ በኋላ የሚልጥ ሱቅ ግን ጠርዙን አብሮ ያነሳዋል። ከዓመት በኋላ ውሃ የሚገባው በዚያ በተነሳ ጠርዝ ነው። «ጠርዙን በምንድነው የምትቆርጡት?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ስለ ሱቁ ብዙ ይነግርዎታል።

አሁን ወደ ጓደኛዎ። «ልዩነት የለውም» ያለው ስህተት ነው፤ በቁጥር ላሳይዎት። 1 ሊትር ፈሳሽ 1 ካሬ ሜትር ላይ እኩል ቢዘረጋ ውፍረቱ ልክ 1 ሚሊሜትር ነው። ወለሉ 1.5 በ1.5 ሜትር፣ ግድግዳዎቹ ግማሽ ሜትር ከፍታ ያላቸው ካሶኒ፣ የኋላው በር ተጨምሮ 5 ካሬ ሜትር ትንሽ ያልፋል። አንድ ባለ 4 ሊትር ጣሳ ሙሉውን ቢያለብሱበት እርጥቡ ውፍረት 0.8 ሚሊሜትር አይሞላም። በውስጡ ያለው ቲነር ተንኖ ሲሄድ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የሚረጨው ግን ወለሉ ላይ 3 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ልዩነቱ አራት እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። ይህቺን ስሌት ሱቁም ዘንድ ይዘዋት ይሂዱ። መላውን ካሶኒ 3 ሚሊሜትር አለብሳለሁ የሚል ሱቅ 15 ሊትር ያህል ዕቃ ያስፈልገዋል። 6 ሊትር ብቻ ይዞ የቀረበ ሰው 3 ሚሊሜትር ሊሰጥዎ አይችልም።

ይህን ስል ራስን መቀባት ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ቀላል ዕቃ ለሚጭን ሰው፣ ሳጥንና ሻንጣ፣ የእጅ መሣሪያ፣ በቂ ነው። ሊሠሩት ካሰቡ ባለ አንድ ጣሳውን ትተው ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበትን ይምረጡ፤ ራፕተር የሚባለው ዓይነት። እርሱ በአብዛኛው 3 ለ 1 የሚቀላቀል ነው። በኮምፕሬሰርና በራሱ መርጫ ይረጫል። ከተቀላቀለ በኋላ ጊዜው አጭር ነው፤ ስለዚህ ሁሉን ባንዴ አይቀላቅሉ። ሁለት ስስ ዙር ይቀቡ፤ በመሃል ጣሳው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ይጠብቁ። አንድ ወፍራም ዙር ላዩ ደርቆ ውስጡ ለስላሳ ይቀራል። ጓደኛዎ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ሥራ አድርጎ ነግሮዎት ከሆነ፣ መቀባቱ ብቻ ነው ከሰዓት በኋላ የሚያልቀው። መፈግፈጉና ማጽዳቱ አንድ ሙሉ ቀን ይበላል።

እርጥበትም ይጠንቀቁ። ብረቱ አየሩ ጤዛ ከሚሠራበት ሙቀት ቢያንስ 3 ዲግሪ መብለጥ አለበት፤ ይህ በቀለም ሥራ የቆየ ደንብ ነው። መለኪያ ከሌለዎት ትንሽ ቦታ በእርጥብ ጨርቅ ያርጥቡ። በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልደረቀ የዚያን ቀን አይቀቡ። ማለዳም አይጀምሩ፤ ላሜራው ገና የሌሊቱን ቅዝቃዜ አልጣለም።

እዚህ ላይ ስለ ሳንባዎ አጥብቄ እናገራለሁ። እነዚህ ልባሶች ውስጥ አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል አለ። ሲረጭ በጥቃቅን ጠብታ አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ሲተነፍሱት አስም ያመጣል። አንዴ ሰውነት ከተቆጣበት በኋላ ትንሽ መጠን እንኳ ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል፤ ይህ የማይመለስ ጉዳት ነው። የአቧራ ማስክ ምንም አያግደውም። የሚረጭ ባለሙያ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚመጣለት ማስክ ያደርጋል። ይህ ከሌለዎት አይርጩ። በሮለር የሚቀቡም ከሆነ ሜዳ ላይ፣ በጓንትና የኬሚካል ማጣሪያ ባለው ማስክ ይሁን። ልጆችን ያርቁ። አፉን በጨርቅ ጠቅልሎ የሚረጭ ሠራተኛ ያለበት ሱቅ ካዩ ሥራዎን አይስጡት። ለራሱ ሠራተኛ ያልተጠነቀቀ ለእርስዎ ማዕዘን አይጠነቀቅም።

የጎማ ምንጣፉ ሦስቱም ሰዎች ያልነገሩዎት ነገር ነው፤ ለእርስዎ ግን ከሁሉም ይበልጥ ይጠቅማል። 10 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው፣ ከሥሩ ሸንተረር ያለው፣ ወለሉ ላይ ብቻ የሚነጠፍ ከባድ ጎማ ነው። ብሎኬቱ ሲወድቅ ምቱን የሚውጠው እርሱ ነው። ጭነቱን አጥብቆ ይይዛል፤ ተንበርክኮ የሚሠራ ሰው ጉልበትም ያመሰግነዋል። አይበሳም፣ አይጣበቅም፣ ተጠቅልሎ ይወጣል። ጉድለቱ ክብደቱ ነው፤ ሥሩም ውሃ ይይዛል። በወር አንዴ አውጥተው ካሶኒውን በውሃ ያለቅልቁት፣ ይድረቅ፣ ይመልሱት። የሲሚንቶ ብናኝ ወይም ማዳበሪያ ከጫኑ ወሩን አይጠብቁ፤ የዚያኑ ቀን ይጠቡ።

ዝገቱን እንዴት ይጨርሱት? መጀመሪያ ጥልቀቱን ይወቁ። በካቻቢቴ ጫፍ ጫን ጫን ያድርጉ፤ ከሥርም በመብራት ይዩት። ላሜራው ጠንካራ ከሆነ በግራይንደር ወይም በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ድረስ ይጸዳል። በትንንሽ ጉድጓዶቹ ውስጥ የቀረው በዝገት ማምከኛ ፈሳሽ ይታከምና ኢፖክሲ አንቲረስት ይቀባል። ላሜራው ከሳሳ ወይም ከተበሳ ግን ስቱኮ አይሙሉበት። ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበየድ፣ መገጣጠሚያው ይታሸግ፣ ከሥር በኩልም ይቀባ። ብየዳ ካለ ከልባሱ በፊት ይለቅ። ልባሱ ከተረጨ በኋላ የሚበየድ ከሆነ ቃጠሎው መርዛማ ጭስ ያወጣል፤ ስለዚህ ወደፊትም በያጅ ሲነካው ልባሱ ቀድሞ በስፋት እንዲፋቅ ይንገሩት። አዲሱ ቀለም በደንብ ሳይደርቅ ልባስ እንዳይረጭበት። ቲነሩ መውጫ ያጣና በሳምንታት ውስጥ አረፋ ሠርቶ ይነሳል።

ከላይ የጻፍኩት ለብረት ካሶኒ ነው። አንዳንድ መኪና ከዚህ ይለያል፦ ፎርድ ኤፍ-150 ከ2015 ሞዴል ጀምሮ አሉሚኒየም ነው፤ የቶዮታ ታኮማ ካሶኒ ደግሞ ከ2005 ጀምሮ ከፕላስቲክና ከፋይበርግላስ የተቀናበረ ነው። ማግኔት ያስጠጉ። ካልያዘ ለሱቁ አስቀድመው ይንገሩ፤ አንቲረስቱም መፈግፈጊያውም ይለያል። አሉሚኒየም በብረት የሽቦ ብሩሽ አይነካም፣ ተራ የብረት ብሎንም አይገባበትም።

የቤንዚኑ ነገር ከልባሱ ምርጫ ሁሉ በላይ ያሳስበኛል። ጄሪካን ካሶኒ ላይ እንዳለ በፍጹም አይሙሉ። ቤንዚን ሲፈስ የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ይፈጥራል። ጄሪካኑ መሬት ላይ ከሆነ ይህ ሙል ወደ መሬት ይሄዳል። ፕላስቲክ ላይነር ወይም ምንጣፍ ላይ ከሆነ መሄጃ ያጣል፣ ይጠራቀማል፤ የመሙያው ብረት ሲጠጋው ብልጭ ይላል። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ጥናት ተቋም፣ ናዮሽ፣ በ1998 ይህንኑ በሚመለከት ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ ፕላስቲክ ላይነር ባለባቸው ፒካፖች ላይ ጄሪካን ሲሞላ እሳት ስለተነሳ ነው። ስለዚህ ጄሪካኑን ያውርዱት፣ መሬት ላይ ያስቀምጡት፣ የመሙያው አፍ ጄሪካኑን እንደነካ ይሙሉት፣ ከድነው ይጫኑት። የሚረጭ ልባስም ቢኖርዎት ያው ነው። ሠራተኛዎም ይህን ይወቅ፤ ነዳጅ የሚቀዳው እርሱ ከሆነ እርስዎ ማንበብዎ ብቻ አያድነውም።

እንግዲህ ለእርስዎ መኪና የምለው ይህ ነው። ዝገቱን አስቆርጠው ወይም አስፍቀው ኢፖክሲ ያስቀቡ። ከዚያ ወለሉ 3 ሚሊሜትር፣ ግድግዳው ከዚያ ሳሳ ያለ የሚረጭ ልባስ ያሠሩ። ከላዩ የጎማ ምንጣፍ ያንጥፉ። ብሎኬትና ብረት በየቀኑ የሚጭን መኪና ሁለቱም ያስፈልጉታል፤ አንዱ ዝገቱን፣ አንዱ ምቱን ይይዛል። ገንዘቡ ለሁለቱ ባንዴ ካልደረሰ ዝገቱን ጨርሰው ካሶኒውን ደህና ቀለም ያስቀቡና ምንጣፉን ይግዙ። የሚረጨው ይቆይ። በመሃል ግን ተገጣጣሚውን ፕላስቲክ አያስገቡ፤ ለዚህ ካሶኒ፣ በዚያ ማዕዘን ላይ፣ አልመክረውም።

መኪናውን ሲረከቡ አይቸኩሉ። የኋላውን በር ከፍተው ይዝጉት። በጠርዙ ልባስ በዝቶ ከሆነ አልገጥም ይላል ወይም ይጠባል። የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ይቁጠሩ፤ ተደፍኖ የቀረ ካለ እዚያው ይከፈት። የገመድ ቀለበቶቹ ብሎኖች ተመልሰው ይገቡ እንደሆነ ይሞክሩ፤ ጥርሱ ውስጥ ልባስ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ጠርዙን በጥፍርዎ ከየአቅጣጫው ይቆንጥጡት። ቢነሳ ዛሬ ይጠገናል፤ ነገ ግን «አንተ ነህ ያነሳኸው» ይባላል። የውፍረት መለኪያ ካላቸው ወለሉ መሃል፣ የሸንተረሩ ግርጌና ማዕዘኑ ላይ ያስለኩ። ማዕዘኑ ከመሃሉ በብዙ ከሳሳ ድጋሚ ይረጭ።

ከዚያ ቢያንስ 24 ሰዓት ምንም አይጫኑ። ለብሎኬቱ ሱቁ የሚሰጥዎትን ቀን ይጠይቁና በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ሦስት ቀን ካሉዎት ሦስት ቀን ነው። ምንጣፉንም ከዚያ በፊት አያንጥፉ፤ ልባሱ ጠጥሮ ሳያልቅ ከባድ ጎማ ከተኛበት የሸንተረሩ ቅርጽ ታትሞበት ይቀራል።